ያልተጻፉ ቀኖች

"ኮከቡ ሳይገጥም ፊደል የቆጠረ ልጅ ዓይኑ ይጠፋል" አለች እቴነሽ፣ እንስራዋን ከምንጩ አፍ ሥር ደቅና። "ያ ያንበሳሜው ልጅ ምን ሆነ? ሰባት ወር ቆጠረ፤ በስምንተኛው ግድግዳ እየዳበሰ ቀረ።"

ጸዳለ ይህን ወሬ ከመስከረም ወዲህ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ሰምታዋለች። መጀመሪያ ስትሰማው ልጁ የፎገራ ልጅ ነበር፤ የጠፋውም አንድ ዓይኑ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሁለተኛው ዓይን ተጨመረ፤ ልጁም አገሩን ለቆ አንበሳሜ ገባ።

"ስሙ ማነው?" አለች።

"የማን?"

"የዚያ የታወረው ልጅ።"

"ስሙንማ እኔ በምን አውቄ።"

"ያባቱስ ስም?"

"ኧረ አንቺ ልጅ! ሰው ሁሉ የሚለውን ነው የምልሽ።"

"ሰው ሁሉ አንድ አፍ የለውም፣ እትዬ። ለአንቺ የነገረሽ ማነው?"

"የወርቁ ሚስት።"

"የወርቁን ሚስት ጠይቄያት ነበር። እቴነሽ ነገረችኝ አለች።"

እቴነሽ ትንሽ አሰበች። "እንግዲያ እኔም አልዋሸሁ፣ እሷም አልዋሸች።"

"አልዋሻችሁም። ልጁን ተባብራችሁ አሳወራችሁት እንጂ።"

እቴነሽ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቅ አሸነፋት። "ይህን ምላስሽን ጅብ ይብላው! ባልሽም የሸሸው ከዚሁ ነው።"

"አልሸሸም፤ እኔ ነኝ ጥዬው የወጣሁት።"

ውኃው እንስራውን ሲሞላ አዳመጡ። የእቴነሽ ባል ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ አበበች ጸዳለ ከምታስተምራቸው ሰባት ልጆች አንዷ ናት። ወሬውን ከምንጭ ምንጭ የምታዞረውም፣ ልጇን በጠዋት ቀስቅሳ ወደ ጸዳለ ቤት የምትልከውም ይህችው እቴነሽ ናት፤ ሁለቱ አብረው በአንድ ልብ እንዴት እንደሚያድሩ ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

"አበበችን ዛሬ ታመጫታለሽ አይደል?" አለች ጸዳለ። የቅድሙ ድምፅ አልነበረም።

"አመጣታለሁ። የዛሬን ቀን ከገብሱ ጥበቃ ሰርቄ ሰጥቼሻለሁ። ነገ ማጭድ ትይዛለች።"

ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ጥንጁት ሚካኤል ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሲሄዱ በግራ በኩል ካለው ጉብታ ላይ ነው። የንባብ ቤቱን የያዙት የኔታ ገብረየሱስ ናቸው። ልጁን ሊያስተምር የመጣ ወላጅ የልጁን የክርስትና ስምና የእናቱን ስም ይነግራቸዋል። እሳቸው በአጎዛ ላይ ጠጠር እየጣሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆይተው "ገጥሟል" ወይም "አልገጠመም" ይላሉ። አልገጠመም የተባለ ወላጅ ልጁን ይዞ ይመለሳል። የሚያኮርፍ የለም፤ ከሰማይ ጋር ማን ይሟገታል?

ጸዳለ ተሟገተች። የእሷን ኮከብ የቆጠረላት ሰው አልነበረም፤ በእሷ ጊዜ የሴት ልጅ ኮከብ ለትዳር እንጂ ለፊደል ይቆጠራል ብሎ ያሰበ አልነበረምና። ለቄስ አባቷ ምሳ ስታመላልስ ከንባብ ቤቱ ካብ ጀርባ እየተቀመጠች፣ የልጆቹን ድምፅ በጆሮዋ እየያዘች፣ ከአባቷ መጽሐፍ ከወደቀ አንድ ቅጠል ጋር እያገናኘች ተማረች። ሦስት ዓመት ፈጀባት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳዊት ታነብ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከባሏ ቤት ተመለሰች፤ በዓመቱ አባቷ ሞቱ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ውስጥ ከራሷ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ሰው ሲመጣባት መጀመሪያ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ሰዎች ይህን ትዕቢት ይሉታል። ትዕቢትም ነበረባት።

የኔታ "አልገጠመም" ብለው የመለሷቸውን ልጆች አንድ ሁለት እያለች መሰብሰብ ጀመረች። ሰባት ሞሉ። ሁሉም ወላጆቻቸውን ለመርዳት ሥራ ከመሄዳቸው በፊት በጠዋት ከቤቷ ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ። ያምናው ኅዳር ሚካኤል ላይ ጭቃ ሹሙ ሞላ በሕዝብ ፊት ተነሥቶ፣ "የኔታ የመለሷቸውን እሷ የምትቀበል ማን ሾሟት?" አለ።

"ማንም አልሾመኝም። አንተን የሾመህ ጣልያን እኔን ረስቶኛል" አለችው።

ሕዝቡ ሳቀ፤ የሞላ ፊት ግን ጠቆረ። ያን ጊዜ የኔታ ገብረየሱስ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉና፣ "እንፈትነው" አሉ። "አንድ ዓመት ታስተምር። በሚመጣው ኅዳር ሚካኤል የኔም የእሷም ልጆች እዚህ ያንብቡ። እኔ የመለስኳቸው እንደተቀበልኳቸው ካነበቡ ኮከቡ ከንቱ ነው፤ ልጆቹንም በቅጥሩ ውስጥ ታስተምር። ካላነበቡ ወደየቤታቸው ትመልሳቸው፤ ሁለተኛም ልጅ አታስቀምጥ።"

"ተስማምቻለሁ" አለች፣ ሳታመነታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መጻፍ ያዘች። የጣልያን አሮፕላን የበተነው ወረቀት በየማሳው ወድቆ ነበር። ፊቱ ጫካ ያለ ሰው ሁሉ እንዲገባ ምሕረት ይሰብካል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ሰጠች። ልጁ በመጣ ቀን ያወቀውን ፊደልና የሳተውን ፊደል ትጽፋለች። ባልመጣ ቀን የሚጻፍ ነገር አልነበረም። የየኔታም ልጆች ስም በሌላ ወረቀት ነበራት፤ በየወሩ ከካቡ ጀርባ ቆማ የት እንደደረሱ ታዳምጣለች። አንድም ቀን የምትፈልገውን አልጻፈችም፤ ያየችውንና የሰማችውን ብቻ። በዚህ ትኮራ ነበር፤ ከማንበቧ ይልቅ በዚህ ትኮራ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ከትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ወንድ ጥቂት ነበር፤ ሽማግሌዎች፣ ጭቃ ሹሙ ሞላ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ የማያነሱ ሁለት ገበሬዎች። የቀረው ሴት ነው። የዮሐንስ ወንጌል በአትሮንስ ላይ ተቀመጠ።

"እንዴት ይሁን?" አሉ የኔታ። "ሕጉን አንቺ አውጪው።"

"አንቱ ለኔ ልጆች ገጹን ይገልጣሉ፤ እኔ ላንቱ ልጆች እገልጣለሁ" አለች። "ንባቡም ከታች ወደ ላይ፣ ቃል በቃል።"

ሞላ ሳቀ። "እግዜር ከላይ ወደ ታች ያጻፈውን?"

"ከላይ ወደ ታችማ ፍየልም ብትውልበት ትሸመድደዋለች። ልጅ በጆሮው የያዘውን በዓይኑ ያነበበ ያስመስላል። እኔ የማየው ዓይኑን ነው።"

የኔታ ፈገግ አሉ። "ልክ ናት። አባቶች አቡጊዳን አዛብተው የሠሩት ለዚሁ ነው። ይሁን።"

የየኔታ ስምንት ልጆች ቀደሙ። ጸዳለ የስንደዶ ዘንግ ይዛ ከታች ወደ ላይ ቃሉን እያሳየች አስነበበቻቸው። አላደላችም፤ አልከፋችባቸውም። የሚከብዳቸው ቃል ላይ ስትደርስ ዘንጉን ትንሽ ታቆየዋለች፣ ለራሷ ልጆች እንዲደረግላቸው እንደምትፈልገው። ሰባቱ አነበቡ። ስምንተኛው አለቀሰ።

የእሷ ተራ ደረሰ። አበበች ቀድማ ቆመች። ነጠላዋን በወገቧ አስራለች፤ ፀጉሯ ላይ ገለባ ነበረበት። የኔታ ዘንጉን ይዘው ከታች ጀመሩ። አበበች ቃሉን እንደ እህል እየለቀመች ወጣች፤ አንድ ቦታ ቆመች፣ ተመለሰች፣ አረመች፣ ጨረሰች። ከሴቶቹ መሃል እልልታ ሊጀመር ሲል እቴነሽ ራሷ አፏን በእጇ ያዘች።

ሁለተኛው ይርጋ ነበር። አባቱ ማይጨው የቀረ፣ የሦስት ታናናሾች ታላቅ። ዘንጉ ያረፈበትን ቃል አየ። ወደ ጸዳለ አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ "ቀዳሚሁ ቃል" ብሎ ከወንጌሉ መጀመሪያ በቃሉ ይወርደው ጀመር። የኔታ ዘንጉን ቀስ ብለው አነሱት። ልጁ ዓይኑን ሲከፍት ዘንጉን ከብራናው ላይ አጣውና ንባቡን አቋረጠ።

ሦስተኛውም አልቻለም። አራተኛዋ ሦስት ቃል ሄዳ ቆመች። አምስተኛው አነበበ፤ እየተንገዳገደም ቢሆን አነበበ። ስድስተኛው፣ ሰባተኛዋ አልቻሉም።

ሁለት ከሰባት።

"እንግዲህ ተቆጠረ!" አለ ሞላ እጁን እያጨበጨበ። "ሰማይ አይዋሽም። ወይዘሮ ፈላስፋ ምን ትያለሽ?"

ሰው ሁሉ ወደ ጸዳለ ዞረ። መጀመሪያ የተናገረችው ግን እቴነሽ ነበረች። "ፈርተው ነው! ሰው ሲበዛባቸው ጊዜ ነው እንጂ ይርጋን እኔ ራሴ ሲያነብ ሰምቼዋለሁ!"

"የየኔታም ልጆች እዚሁ ሰው ፊት ነው ያነበቡት፣ እትዬ" አለች ጸዳለ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለኔ ሲያደላ እውነት፣ ሲያጋድልብኝ ውሸት ልለው አልችልም።"

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ቆሙት እናቶች ተመለከቱ፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ቃልሽን ብታጥፊ እኔ አልፈርድብሽም" አሏት።

"እኔ እፈርዳለሁ" አለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ልጆቹን ከግድግዳው ሥር ሰብስባ አሰናበተቻቸው። ምክንያቱን አላለዘበችም፤ ማለዘብ አታውቅም። ስድስቱ እንደመጡ ሄዱ። አበበች ቀረች።

"እኔ አንብቤያለሁ እኮ" አለች።

"አንብበሻል።"

"ታዲያ እኔም ልቅር?"

"ስምምነቱ የሰባታችሁ ነው።"

"ኮከቤ ገጥሟል ማለት ነው ወይስ አልገጠመም?"

ጸዳለ ለተማሪ ብላው የማታውቀውን ቃል አለች። "አላውቅም።"

አበበች ነጠላዋን ፈትታ እንደገና አሰረች። ከዚያ ገብሱን ልትጠብቅ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ጸዳለ በለመደችው ሰዓት ትነቃለች፤ ከግድግዳው ሥር ያለውን ድንጋይ ጠርጋ ትቀመጣለች፤ የሚመጣ የለም። በምንጩ ሴቶች ሲያዩዋት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ማዘናቸውን ከመሳለቃቸው ይልቅ ጠላችው። ቤት ስትገባ ወረቀቶቹን ዘርግታ ትቆጥራለች። ስንት ፊደል በስንት ቀን? ያወቁት ስንት፣ የሳቱት ስንት? ስህተቷን ፈለገች፤ ጓጉታ ነበር የምትፈልገው፣ የጠፋ ቀለበት እንደሚፈለግ። ቁጥሩ ልክ ነው። በመጡባቸው ቀኖች ሁሉ ልጆቿ ከየኔታ ልጆች የሚያንስ ነገር አልነበራቸውም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን አንሰው ተገኙ። ይህ እንዴት እንደሚሆን አልገባትም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምናልባት ሰማዩ ያውቅ ይሆናል ብላ አሰበች። ያን ሌሊት ከባሏ ቤት ከወጣችበት ሌሊት ይልቅ ከበዳት።

በታኅሣሥ መጨረሻ የጣልያን ጦር በገሳይ መንገድ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ንባብ ቤቱ የበቅሎ ማደሪያ ሆነ፤ የየኔታም ልጆች ተበተኑ። የይርጋ እናት ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ቆላ ወረደች። በጥር እቴነሽ አበበችን ገሳይ ዳረቻት። ሰፈሩ ወታደር ሞልቶት ልጃገረድ እንዴት ላስቀምጥ አለች። ጸዳለ ለሠርጉ ተጠርታ ሄዳ ከጓዳ ተቀምጣ ተመለሰች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው የኔታ ገብረየሱስ ከደጇ መጡ። አቆፋዳቸውን አንግተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ነበር።

"ይግቡ የኔታ።"

"አልገባም። ፀሐይ ሳይበረታ ገሳይን ማለፍ አለብኝ። ጋይንት ካለ አንድ ገዳም ገብቼ ልሙት ብዬ ነው።" ከግድግዳው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ውኃ ብቻ ስጪኝ።"

ሰጠቻቸው። ጠጡ፤ ዋንጫውን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

"ያ ጽሕፈትሽ አሁንም አለ?"

"አለ።"

"ልጆችሽ በሳምንት ስንት ቀን ይመጡ ነበር?"

"እንደ..." አለችና ቆመች። "አልጻፍኩትም።"

"ያወቁትን ጽፈሽ የለም?"

"ያወቁትንና የሳቱትን። ያልመጡበትን ቀን ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?"

"የኔዎቹ በየቀኑ ይመጡ ነበር።"

"ኮከባቸው ገጥሞ" አለች፤ ምሬቱ አመለጣት።

"በየቤታቸው ሌላ እረኛ ስላለ" አሉ የኔታ።

ጸዳለ ቆማ ነበር፤ ቁጢጥ አለች።

"ጸዳለ፣ እኔ ኮከብ ቆጥሬ አላውቅም። አቆጣጠሩን የሚያውቁት መምህሬ ነበሩ፤ ሳያስተምሩኝ ሞቱ።"

"ጠጠሩስ?"

"ጠጠሩን ስጥል ስለ ቤታቸው አስባለሁ። አባት አለ? በሬ አለ? ከዚህ ልጅ ሌላ የሚሠራ እጅ አለ? ካለ ገጥሟል እላለሁ። ከሌለ አልገጠመም። ድኻ ነህና ልጅህን መልስ ብዬ ብነግረው ሰውየው ያፍራል። ሰማይ መለሰህ ሲባል የሚያፍር የለም።"

"ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?"

"እናቶቻቸው እዚያው ቆመው ነበር።" ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ደግሞ ምን ልደብቅሽ። የኔዎቹ እየተነሱ ሲያነቡ፣ ያንቺዎቹ ሲወድቁ፣ ለካ ሳላውቀው ልክ ስቆጥር ኖሬያለሁ አልኩ። የራሴን ውሸት ለትንሽ ጊዜ አመንኩት።"

"እኔም አመንኩት" አለች። "የኔ ግን ትንሽ ጊዜ አልነበረም።"

"ይቅር በይኝ።"

ዋንጫውን ከመሬት አነሳች። ከሜዳው የበቅሎ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"እግዜር ይቅር ይበልዎ" አለች። "እኔ ገና ነኝ።"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚህ የተሻለ የጠበቁ አይመስሉም ነበር። እየተመረኮዙ ወደ መንገዱ ወረዱ። ከምንጩ አልፈው እስኪሰወሩ ድረስ አየቻቸው።

ገብታ ወረቀቶቹን ዘረጋች። ቀለሙን በውኃ አቀጠነች። የይርጋን ወረቀት ወስዳ ከዳር በኩል ያልመጣባቸውን ቀኖች ልትሞላ ብርዑን አነሳች። በእርሻው ወር ሁለት ሳምንት። ሦስት ይሆን? በአረሙ ጊዜ ጨርሶ አልመጣም፤ ወይስ ያ አልመጣም የምትለው ሌላው ልጅ ነበር? በገብሱ አጨዳ ስምንት ቀን፤ አሥርም ሊሆን ይችላል። አሥር ብትለው ሒሳቡ ያምራል። አሥራ አምስት ብትለው፣ ባይቀሩ ኖሮ ሰባቱም ያነቡ ነበር ማለት ትችላለች፤ ማን ሊያርማት? ማስረጃው ሁሉ በእጇ ነው፣ የሚያስተባብል ሰው በአገሩ የለም።

ብርዑን በጨርቅ ጠረገችው። ዳሩን ባዶ ተወችው።

ከዚያ እንደገና ነከረችና ከወረቀቶቹ ሁሉ በታች ጻፈች፦ "የካቲት ሦስት ቀን። የኔታ ገብረየሱስ ኮከብ ቆጥረው አያውቁም፤ ይህን ራሳቸው ነገሩኝ። ልጆቹ ያልመጡባቸውን ቀኖች እኔ አልጻፍኩም። ስንት እንደሆኑ አላውቅም።"